ፍሎራ ማክዶናልድ፦ የአንዲት ሰፋሪ ታማኝነት በሁለት ጦርነቶች መካከል

ፍሎራ ማክዶናልድ (1722–1790 እ.ኤ.አ.) በስኮትላንድ ታሪክ የምትታወሰው በንጉሥ ላይ የተነሣን ልዑል በማዳኗ ነው። በሰሜን አሜሪካ ታሪክ ደግሞ የምትመደበው ለዘውዱ ታማኝ ሆነው ሀብታቸውን ካጡት ሰፋሪዎች ጋር ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ ምርጫዎች የሚቃረኑ ቢመስሉም በዘመድ፣ በመሬትና በመሐላ ትስስር የሚገናኙ መሆናቸውን ያመለክታል።

ፍሎራ የተወለደችው በስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በሳውዝ ዩይስት ደሴት ነው። በኤፕሪል 1746 ልዑል ቻርልስ ኤድዋርድ ስቱዋርት በከሎደን ጦርነት ተሸንፎ ወደ ደሴቶቹ ሸሸ። በዚያው ዓመት በጁን መጨረሻ ፍሎራ ልዑሉን የሴት ልብስ አልብሳ፣ ቤቲ በርክ የተባለች አየርላንዳዊት ገረድ በማስመሰል ወደ ስካይ ደሴት በጀልባ አሻገረችው። የይለፍ ወረቀቱን የሰጣት የእንጀራ አባቷ ግን በደሴቱ የመንግሥት ሚሊሻ መኮንን ነበር። የስሊት ማክዶናልዶች አለቃ ሰር አሌክሳንደርም ከመንግሥት ጎን ቆሞ ነበር። በ1750 ያገባችው አለን ማክዶናልድም በአመፁ ወቅት ያገለገለው በመንግሥት ጦር ነው። ስለዚህ ቤተሰቧ ገና ከመነሻው በሁለት ጎራ የተከፈለ ነበር። እርሷም ተይዛ ወደ ለንደን ከተወሰደች በኋላ በ1747 በምሕረት ተለቀቀች።

ከአሸናፊው መንግሥት ጋር ያስታረቃቸው የዕለት ኑሮ ነበር። አለን ከባላባቱ ሰፊ መሬት ተኮናትሮ ለጭሰኞች የሚያከራይ ሰው ነበር፤ የመሬት ኪራይ ሲንርና ከብቶቹ ሲያልቁ በዕዳ ተዘፈቀ። በ1773 ሳሙኤል ጆንሰንና ጄምስ ቦዝዌል በስካይ ሲጎበኟቸው ባልና ሚስቱ ለስደት እየተዘጋጁ ነበር። በ1774 ባሕር ተሻግረው ከስኮትላንድ ደጋ የመጡ በርካታ ስደተኞች በሰፈሩባት በሰሜን ካሮላይና መሬት ያዙ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ጦርነት ደረሰባቸው። ገዥው ጆሳያ ማርቲን ሥልጣኑን አጥቶ ወደ መርከብ ከሸሸ በኋላ የደጋዎቹን ሰዎች ለንጉሡ እንዲዘምቱ ጠራ። አዲስ መጤዎቹ መሬት የሚጠብቁት ከዘውዱ ነበር፤ ብዙዎቹም የታማኝነት መሐላ ፈጽመዋል። በከሎደን ማግስት የተቃጠሉትን መንደሮች ያየ ትውልድ፣ ንጉሥን ተዋግቶ መሸነፍ ምን እንደሚያስከትል አይዘነጋም። ይሁንና ማኅበረሰቡ አንድ ድምፅ አልነበረውም። ቀደም ብለው ከሰፈሩት ስኮትላንዳውያን መካከል ከአብዮተኞቹ ጋር የተሰለፉም፣ ከሁለቱም ወገን መራቅን የመረጡም ነበሩ።

ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1776 ታማኞቹ በሙርስ ክሪክ ድልድይ ጥቃት ሰነዘሩ። አብዮተኞቹ የድልድዩን ሳንቃዎች አንሥተው፣ የቀሩትን ግንዶች ሳሙናና ሞራ ቀብተው ይጠብቋቸው ነበር። ሰይፍ መዝዘው የተሻገሩት በጥይት ወደቁ፤ በቀጣዮቹ ቀናት 850 ያህል ሰዎች ተማረኩ። አለንና ልጃቸው አሌክሳንደርም ከምርኮኞቹ መካከል ነበሩ። ፍሎራ በፈረስ ላይ ሆና ዘማቾቹን አበረታታች የሚለው ትረካ በስፋት ቢነገርም የሚያረጋግጠው የዘመኑ ማስረጃ ደካማ ነው። የተሻለ የሚታወቀው ከሽንፈቱ በኋላ የደረሰባት ነው፤ ባሏ በእስር፣ እርሷ በጠላት ጎረቤቶች መካከል ቀሩ፤ ንብረታቸውም ተወረሰ።

አለን በ1777 በእስረኞች ልውውጥ ተለቀቀ። ፍሎራ በ1778 ኒው ዮርክ ድረስ ሄዳ ተቀላቀለችው፤ ክረምቱንም በኖቫ ስኮሺያ አሳለፈች። በ1779 ብቻዋን ወደ ስኮትላንድ ተመለሰች። በጦርነቱ ዓመታት ሁለት ወንዶች ልጆቿ በባሕር ላይ ጠፍተዋል። አለን ከጦርነቱ በኋላ ለንጉሡ ሲል ያጣውን ንብረት ዘርዝሮ ካሣ ቢጠይቅም የተከፈለው ከጠየቀው እጅግ ያነሰ ነበር። ፍሎራ ማርች 1790 በስካይ አርፋ በኪልሙር ተቀበረች።

የሰሜን ካሮላይናን ታማኞች ሥርወ መንግሥትን በመውደድ ወይም ነፃነትን በመጥላት ብቻ የሚፈርጅ ትንታኔ የፍሎራን ሕይወት አያብራራም። በ1746ም ሆነ በ1776 የቤተሰቧን አሰላለፍ የወሰኑት ዘመድ የት ቆሟል፣ መሬት ከማን ይገኛል፣ የተማለው መሐላስ ቢፈርስ ምን ይከተላል የሚሉ ጥያቄዎች ነበሩ። ልዩነቱ በመጀመሪያው ጊዜ ዘመድ በሁለቱም ጎራ መገኘቱ ከለላ ሲሆናት፣ በሁለተኛው ግን የሰፈረችበት ምድር ከለላ የሚሆን ሥር ያልሰደደችበት መሆኑ ነው።