ስንዴን ከማዕድ ያነሡት ሐኪም፤ የዶክተር ቪሌም ካረል ዲኬ ሕይወትና በላስታ ሥራ የሚጀምር የወጥ ቤት ሠራተኛ

በላሊበላ ከተማና በዙሪያዋ ባለው የላስታ ደጋ ለሚያድግ ወጣት የመጀመሪያ ደመወዝ ከሚገኝባቸው በሮች አንዱ የሆቴልና የምግብ ቤት ሥራ ነው። ሥራውም የሚጀመረው ሽንኩርት ከመክተፍ፣ ሊጥ ከማቡካት፣ ሳህን ከማጠብና ትእዛዝ ከማመላለስ ነው። ይህ ወጣት ሴሊያክ የተባለው የአንጀት ሕመም ያለበት ከሆነ ግን፣ ለጓደኞቹ እንጀራ የሚሰጠው ወጥ ቤት ለእርሱ የሕመም ምንጭ ሊሆንበት ይችላል። በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለው ፕሮቲን ወደ ሆዱ በገባ ቁጥር፣ የሰውነቱ መከላከያ ኃይል በገዛ አንጀቱ ላይ ይነሣል። ለሕመሙ የሚዋጥ መድኃኒት የለውም፤ መፍትሔው ምግብን መለየት ብቻ ነው።

ይህን እውነት ለዓለም ያስረዱት ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ቪሌም ካረል ዲኬ ናቸው። የእኒህ ሰው ታሪክ ለሐኪሞች ብቻ ሳይሆን ለእኛም ለማዕድ ባለሙያዎች ሊነገር የሚገባው ነው፤ ግኝታቸው የተገኘው ከመድኃኒት ቅመማ ሳይሆን ከምግብ ዝግጅት ነውና። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዲኬ በ1905 በዶርድሬክት ከተማ ተወለዱ። ከ1922 እስከ 1929 በላይደን ሕክምና ከተማሩ በኋላ፣ በሄግ ከተማ በሚገኘው በዩልያና የሕፃናት ሆስፒታል የሕፃናትን ሕክምና አጠኑ። በ1936፣ ገና በ31 ዓመታቸው፣ የዚያው ሆስፒታል የሕክምና ዳይሬክተር ሆኑ። በዚያ ዘመን ሴሊያክ የያዘው ሕፃን ሆዱ ተነፍቶ፣ እጅና እግሩ ቀጥኖ፣ በተቅማጥ እየተሠቃየ እድገቱ ይቆም ነበር፤ የሚሞቱትም ጥቂቶች አልነበሩም። እንግሊዛዊው ሐኪም ሳሙኤል ጊ በ1888 የሕመሙን ምልክቶች በሚገባ ጽፈው፣ በሽተኛው የሚድን ከሆነ በምግብ እንደሚሆን ገልጠው ነበር፤ ጎጂው ምግብ የትኛው እንደሆነ ግን አልደረሱበትም። አሜሪካዊው ሐኪም ሲድኒ ሃስ ደግሞ በ1924 በሙዝ ላይ የተመሠረተ አመጋገብ አቀረቡ። ብዙ ሕፃናት ተሻላቸው፤ ሆኖም ጥቅሙ ከተጨመረው ሙዝ እንጂ ከተነሣው ዳቦ የመጣ አልመሰላቸውም።

ዲኬን ከሌሎቹ የለያቸው ማዳመጣቸው ነው። በ1930ዎቹ አንዲት እናት፣ ዳቦ ሲቀርበት ልጇ እንደሚሻለው፣ ሲመለስለትም እንደሚብስበት እንደነገረቻቸው ከሕይወት ታሪካቸው ጋር አብሮ ይተረካል። ሐኪሙም የእናቲቱን ቃል እንደ ተራ ወሬ አልቆጠሩትም። ስንዴ ከምግባቸው ሲነሣና ሲመለስ ሕፃናቱን ለረዥም ጊዜ ተከታተሉ፤ ክብደታቸውንና ቁመታቸውን እየመዘገቡ አስተያዩ። በ1941 ስንዴ የሌለበትን አመጋገብ በአገራቸው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ።

በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ፣ ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል፣ በምዕራብ ሆላንድ ታላቅ ረኃብ ሆነ። ዳቦ ጠፍቶ ሕዝቡ የቱሊፕ አበባ ሥር እስከ መብላት ደረሰ። በዚያ ክፉ ወራት ሴሊያክ የያዛቸው ሕፃናት እንደተሻላቸው፣ ዳቦ ሲመለስ ግን እንደገና እንደታመሙ ይነገራል። ከዚህ የተነሣ ግኝቱ የረኃቡ ውጤት እንደሆነ አድርገው የሚተርኩ ብዙዎች ናቸው። ረኃብን በቅርብ ለሚያውቀው ለወሎ ሰው ግን ነገሩ በትክክል ሊነገረው ይገባል፤ የ1941 ጽሑፋቸው እንደሚመሰክረው፣ ረኃቡ የዲኬን ሐሳብ አጸናው እንጂ አልወለደውም። የወለደው ትዕግሥት የተሞላበት ክትትል ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ዲኬ ከሐኪሙ ከዶክተር ቬየርስና ከኬሚስቱ ከዶክተር ፋን ደ ካመር ጋር ተባበሩ። ኬሚስቱ ሳይፈጭ በዓይነ ምድር የሚወጣውን ቅባት በትክክል የሚለካ ዘዴ አዘጋጁ። በዚህም መለኪያ፣ ሕፃኑ ስንዴ ወይም ራይ የተባለውን የአውሮፓ እህል ሲበላ ቅባቱ እንደሚጨምር፣ ሩዝ ወይም በቆሎ ሲበላ ግን እንደማይጨምር ታየ። ከፕሮቲኑ የተለየው የስንዴ ስታርችም ጉዳት አላመጣም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የፕሮቲኑ መሆኑ ታወቀ። ዲኬ በ1950 በኡትሬክት የዶክትሬት ድርሳናቸውን አቀረቡ፤ በ1953ም ከባልደረቦቻቸው ጋር የደረሱበትን በዝርዝር አሳተሙ። በ1957 በኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በ1962 በ57 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከሞታቸው ከአርባ ዓመት በኋላ፣ እርሳቸው በተማሩበት በላይደን፣ ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ወደ እኛ እህል አዞሩ። በ2005 ባወጡት ጽሑፍ የተለያዩ የጤፍ ዓይነቶችን መርምረው፣ ሴሊያክ ያለበትን ሰው የሚጎዳው ግሉተን እንዳልተገኘባቸው አስታወቁ።

ይህ ለላስታው ወጣት የሚያስደስት ቢሆንም ሊያዘናጋው አይገባም። ላሊበላ ያለችው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ ከበላይዋ የቆመው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ጤፍ ቦታውን ለገብስና ለስንዴ ይለቃል፤ እንጀራውም እንደ አዝመራውና እንደ ገበያው ይቀላቀላል። ጠላውና በሶው ከገብስ፣ ድፎ ዳቦው ከስንዴ ነው። ንጹሕ ጤፍ እንኳ ስንዴ በተፈጨበት ወፍጮ ካለፈ ንጹሕ አይባልም። ዓለም አቀፉ የምግብ ደንብ ከግሉተን ነጻ ለሚባል ምግብ የሚፈቅደው በአንድ ኪሎ ግራም ከ20 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ግሉተን ነው፤ ይህም ከቁንጣሪ ዱቄት የሚገኝ ያህል ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያው የሥራ ቀን የሚሆነውን እናስብ። ወጥ ቤት የሚሠራውን መቅመስ የሙያው ግዴታ ነው። የፓስታው ማንኪያ ወደ ወጡ ይገባል፤ ከዳቦው ክፍል የሚበነው ዱቄት በአፍና በአፍንጫ ይገባል። የሠራተኛው ማዕድ ሲቀርብ ጉርሻ ይዘረጋለታል፤ እምቢ ቢል ኩሩ ይባላል። ከማፈሩ የተነሣ ዝም ብሎ ቢጎርስ ደግሞ ይታመማል፤ በገና ሰሞን እንግዳ በሚጎርፍበት ጊዜ ከሥራ ቢቀር ሰነፍ ተብሎ ይሰናበታል። በ2021 ጦርነቱ ላሊበላ ከደረሰ በኋላ እንግዳ ጠፍቶ ስንቱ ሆቴል ሥራ እንደፈታ ያየ ወጣት፣ ያገኛትን ቦታ ላለማጣት ሕመሙን ቢደብቅ አይፈረድበትም።

ሆኖም መደበቁ አያዋጣውም። በመጀመሪያ፣ ሕመሙን የጠረጠረ ሰው ከመመርመሩ በፊት ስንዴ ማቆም የለበትም፤ ቀድሞ ካቆመ ምርመራው ሊሳሳት ይችላል። ምልክቱ ከአንጀት ተውሳክ ጋር ስለሚመሳሰል ሐኪም ይለየው። ሕመሙ ከተረጋገጠ በኋላ ሥራ ሳይጀምር ለወጥ ቤቱ ኃላፊ በግልጽ ይንገር። ኃላፊውም ከዳቦው ክፍል አርቆ በአትክልት፣ በሥጋ ወይም በመስተንግዶ በኩል ይመድበው፤ የስንዴውን ምግብ ሌላ ባልደረባ ይቅመስለት። ለእርሱ ተለይቶ ምልክት የተደረገበት ማንኪያና ድስት ይኑር። ጤፉ በእህልነቱ ተገዝቶ፣ ተለቅሞና ተነፍቶ፣ ስንዴና ገብስ በማያልፍበት ወፍጮ ይፈጭ፤ ቡሃቃውና ምጣዱም የራሱ ይሁን።

ይህ ሁሉ ለአንድ ሠራተኛ ሲባል የሚደረግ ውለታ ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው ወደ አንድ የሚጠጋው ይህ ሕመም እንዳለበት ይገመታል፤ ስለዚህ ቤተ መቅደሶቹን ለማየት ከሩቅ ከሚመጡት እንግዶች መካከል በእንጀራችን ላይ ተስፋ የሚጥሉ አይጠፉም። እንጀራው ገብስ እንዳለበትና እንደሌለበት አስተናጋጁ አረጋግጦ መመለስ ካልቻለ እንግዳው ይጎዳል። ሕመሙን በራሱ ሰውነት የሚያውቅ ወጣት በወጥ ቤቱ ውስጥ ካለ ግን፣ ያ ጥያቄ ሁነኛ መልስ ያገኛል። ዶክተር ዲኬ የአንዲትን እናት ቃል ስላልናቁ ብዙ ሕፃናት ከሞት ተርፈዋል። ከወጥ ቤት ኃላፊ የሚፈለገው ከዚያ ያነሰ ነው፤ አዲሱ ሠራተኛ ይህን መብላት አልችልም ሲል፣ ኩራት ነው ከማለት በፊት ምክንያቱን መጠየቅ ነው።