የቡሹ ዓሣ ሠሪ ላውሪ ራፓላ

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሱት ነገሥታት፣ የጦር አለቆችና ሊቃውንት ናቸው። ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ደቀ መዛሙርቱን በመረጠ ጊዜ አስቀድሞ የጠራቸው በገሊላ ባሕር ዳር መረብ ይጥሉ የነበሩትን ዓሣ አጥማጆች መሆኑን ስናስታውስ፣ የዚህ ሥራ ሰዎች ከታሪክ ሊቀሩ እንደማይገባ እንረዳለን። ስለዚህ በዚህ የትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ላይ ዘውድ ያልደፋ፣ ሠራዊት ያልመራ፣ በትምህርትም ብዙ ያልገፋ፣ ነገር ግን በአንዲት ቢላዋና በአንድ ቁራጭ ቡሽ ስሙን በዓለም ያስጠራ የአንድ ድኻ ዓሣ አጥማጅ ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደናል። ይህ ሰው ፊንላንዳዊው ላውሪ ራፓላ ነው።

ላውሪ የተወለደው በኅዳር 4 ቀን 1898 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 13 ቀን 1905፣ ሲስማ በምትባል የፊንላንድ ወረዳ ነው። ከዚህ በኋላ የዓመተ ምሕረት ምልክት ሳናደርግ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን። ፊንላንድ በአውሮፓ ሰሜናዊ ዳርቻ የምትገኝ፣ ደንና ሐይቅ የሞላባት አገር ናት። ክረምቷ ረዥምና ጽኑ ስለ ሆነ ሐይቆቿ ለብዙ ወራት በበረዶ ይሸፈናሉ። ላውሪ በተወለደበት ዘመን በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሥር የምትገዛ አገር ነበረች፤ ነፃነቷን ያወጀችው በ1917 ነው።

የራፓላ ስም የተገኘበት ምክንያት ራሱ የድህነቱን መጠን ያሳያል። ላውሪ ገና ልጅ ሳለ እናቱ ይዛው አሲካላ ወደሚባለው ወረዳ በተዛወረች ጊዜ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ያዥ የቤተሰቡን ስም ማስታወስ ስላቃተው የመጡበትን መንደር ስም ራፓላ ብሎ እንደ መዘገበው ይተረካል። ከአባት ሳይወረስ በመዝገብ ያዥ መርሳት የተሰጠ ይህ ስም፣ ከጊዜ በኋላ ከመቶ በሚበልጡ አገሮች ሱቆች ውስጥ የሚነበብ ሆነ።

ላውሪ በ1928 ኤልማ የምትባል ልጃገረድ አግብቶ ሪሂላህቲ በሚባለው የአሲካላ መንደር ኑሮውን መሠረተ። በክረምት ደን ውስጥ ግንድ እየቆረጠ፣ በበጋ ደግሞ ፓይያኔ በሚባለው ሐይቅ ላይ ዓሣ እያጠመደ ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር። ፓይያኔ በስፋቱ በፊንላንድ ሁለተኛ የሆነ ሐይቅ ነው። ላውሪ የሞተር ጀልባ አልነበረውም፤ ሐይቁን የሚያቋርጠው በክንዱ እየቀዘፈ ነው። በአንድ ረዥም ገመድ ላይ እስከ አንድ ሺህ የሚደርሱ መንጠቆዎች አስሮ ይዘረጋ እንደ ነበረ ይነገራል። ለእያንዳንዱ መንጠቆ ትንሽ ዓሣ ይዞ መሰካት ስለሚያስፈልግ፣ ትልቁን ዓሣ ከመያዙ በፊት ቀኑ ለትልቁ ዓሣ የሚሆን ምግብ በመፈለግ ያልቅ ነበር። የልጆቹ ቁጥር እየጨመረ ሄደ፤ የዓለምም ንግድ በዚያን ጊዜ ተዳክሞ ነበርና ኑሮ ከበደ።

ሌላ ሰው ቢሆን በዕድሉ ያማርር ነበር። ላውሪ ግን ከመቅዘፉ በሚያርፍበት ጊዜ በጀልባው ጠርዝ ጎንበስ ብሎ ውሃውን ይመለከት ነበር። በዚህ ምልከታው አንድ ነገር አስተዋለ። ፓይክና ትራውት የሚባሉት አዳኝ ዓሦች ወደ ትንንሽ ዓሦች መንጋ ሲወረወሩ ያገኙትን ሁሉ አይነክሱም። ከመንጋው መካከል አካሄዱ የተዛባውን፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተንገዳገደ የሚዋኘውን አንዱን ይመርጣሉ። ጅብ ከመንጋው ውስጥ የምታነክሰውን በግ እንደሚመርጥ ማለት ነው። አዳኝ እንስሳ ሁሉ ጉልበቱን በከንቱ ሊያባክን ስለማይወድ ደካማውን ያሳድዳል። ዓሣ ደግሞ በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጎንና ጎኑ በተዘረጋው ስሜት ተቀባይ መስመር የውሃውን እንቅስቃሴ ስለሚያውቅ፣ የተንገዳጋጁን ዓሣ ሁኔታ ይረዳል።

ላውሪ ከዚህ በመነሣት፣ እንደ ቆሰለ ትንሽ ዓሣ የሚንገዳገድ ነገር በእጁ ቢሠራ በየቀኑ ሺህ ትንንሽ ዓሣ ከመፈለግ እንደሚድን አሰበ። በ1936 የጫማ ሰፊ ቢላዋ አንሥቶ ቡሽ በዓሣ መልክ መቅረጽ ጀመረ። የቀረጸውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። የሚያብለጨልጭ ቅርፊት እንዲመስልለት የቸኮላታ መጠቅለያ የሆነውን ብርማ ወረቀት አለበሰው። ውሃ እንዳያበላሸውም የተጣለ የፎቶግራፍ ኔጋቲቭ አቅልጦ በላዩ ቀባው። ከእነዚህ ዕቃዎች መካከል በብዙ ገንዘብ የተገዛ አንድም አልነበረም፤ አብዛኛው ሌላ ሰው የጣለው ነው።

ይሁን እንጂ መልኩን ማሳመር ቀላሉ ሥራ ነበር። ከባዱ አካሄዱን ማስተካከል ነው። ማባበያው ከአፉ በታች ወደ ፊት የወጣ ትንሽ ምላስ አለው። ገመዱ ሲሳብ ውሃው ያንን ምላስ ስለሚገፋው የቡሹ ዓሣ ራሱን ወደ ታች ደፍቶ ይጠልቃል፤ ከጎን ወደ ጎንም ይወዛወዛል። መሳቡ ሲቆም ቡሽ ቀላል ስለ ሆነ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ምላሱ ወደ አንድ ወገን ጥቂት ከተጣመመ፣ ወይም አንዱ ጎን ከሌላው ከከበደ፣ ማባበያው በጎኑ ተኝቶ ይሽከረከራል፤ ዓሣም አይቀርበውም። ላውሪ ስለዚህ ይቀርጽና ወደ ሐይቁ ወርዶ ይሞክር፣ ያልሆነውን ይጥልና እንደገና ይቀርጽ ነበር። በመጨረሻ ሥራው ተሳካለት። በዚያ ማባበያ በአንድ ቀን ብዙ መቶ ኪሎ የሚመዝን ዓሣ ይዞ የተመለሰበት ጊዜ እንደ ነበረ በአገሩ ይወራል።

ይህ በሆነበት በ1936፣ በእኛ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ ከወልዲያ በስተ ሰሜን ባለው በማይጨው አባቶቻችን ከፋሺስት ኢጣልያ ጋር ይዋጉ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1939 የጦርነት እሳት የላውሪንም አገር አገኘ። ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን ወረረች፤ ትንሹ ሕዝብም በበረዶ ውስጥ ከትልቅ ሠራዊት ጋር ተዋጋ። ላውሪም እንደ ዘመኑ ሰዎች ወታደር ሆኖ ዘመተ። ፊንላንድ በ1944 ጦርነቱን በጨረሰች ጊዜ ሰፊ መሬት አጥታ፣ ከባድ ካሣ እንድትከፍል ተገድዳ ነበር።

ላውሪ ወደ ቤቱ ሲመለስ ያገኘው ሀብት ያው ቢላዋና ያው ሐይቅ ነው። አሁን ግን ልጆቹ አድገው ነበርና አብረውት መቅረጽ ጀመሩ። አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ያለሰልሳል፣ አንዱ ይቀባል፤ በኋላም የእጅ ሥራውን የሚያቃልሉ መሣሪያዎች አበጁ። ላውሪ ግን አንድ ሕግ አልለወጠም፤ እያንዳንዱ ማባበያ በውሃ ውስጥ ተስቦ አካሄዱ ሳይታይ ከቤት አይወጣም ነበር። ድርጅቱ በሚልዮን የሚቆጠር ማባበያ መሥራት ከጀመረ በኋላም ይህ ልማድ ቀጥሏል።

በ1952 የኦሊምፒክ ጨዋታ በሄልሲንኪ ተደረገ። ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ እንግዶች የቡሹን ዓሣ አይተው ወደየአገራቸው ይዘውት ሄዱ። በ1959 ደግሞ ሮን ዌበርና ሬይ ኦስትሮም የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ነጋዴዎች፣ በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ የሚሸጡ፣ የላውሪን ማባበያ አግኝተው ወደ ፊንላንድ ጻፉና ማስመጣት ጀመሩ።

በዚህ ላይ ስለ አሜሪካኖች ዓሣ ማጥመድ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በዚያ አገር ባስ የሚባል ሰፊ አፍ ያለው አዳኝ ዓሣ አለ። ብዙ ሰዎች የሚያጠምዱት ለመብል ሳይሆን ትልቁን ይዘው ለመመዘን፣ ለስምና ለውድድር ነው። በ1932 ጆርጅ ፔሪ የተባለ የጆርጂያ ሰው አሥር ኪሎ ያህል የሚመዝን ባስ ይዞ በዓለም የታወቀ ሲሆን፣ በክብደት የሚስተካከለው ዓሣ የተያዘው ከሰባ ሰባት ዓመት በኋላ በ2009 በጃፓን ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ ዓሣ ዕድሜው የገፋ፣ ብዙ መንጠቆ ያየና ጠርጣራ ስለ ሆነ በቀላሉ አይታለልም። የላውሪ ማባበያ ግን በእነዚህ ዓሦች ዘንድ ስለ ሠራ ዝናው ከአጥማጅ ወደ አጥማጅ ተዛመተ። ማባበያው እጅግ ተፈላጊ ከመሆኑ የተነሣ አንዳንድ ባለ ሱቆች መያዣ እየተቀበሉ በቀን ያከራዩት እንደ ነበረ ይነገራል።

በነሐሴ ወር 1954 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን 1962፣ ላይፍ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ስለ ማባበያው ጻፈ። ያው እትም በዚያን ሰሞን ስለ ሞተችው ስመ ጥር ተዋናይት ስለ ማሪሊን ሞንሮ የተጻፈበት ስለ ነበረ ሕዝቡ ተሻምቶ ገዛው፤ የላውሪንም ታሪክ አብሮ አነበበ። ከዚያ በኋላ የመጣው ትእዛዝ በሚልዮን የሚቆጠር ሆነ። ቤተሰቡም ፋብሪካ አስፋፋ፤ በቡሽ ፈንታም ባልሳ የሚባለውን ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣ ቀላል እንጨት ይጠቀም ነበር።

ላውሪ ራፓላ በጥቅምት 10 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 20 ቀን 1974፣ በተወለደ በ68 ዓመቱ ዐረፈ። ልጆቹ ሥራውን ቀጠሉ፤ ስሙን የያዘውም ኩባንያ በዓለም ላይ ከታወቁት የዓሣ ማጥመጃ ሠሪዎች አንዱ ለመሆን በቃ።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ ይህ የፊንላንድ ሰው ታሪክ ለግራና ልጅ ምን ይጠቅመዋል ይል ይሆናል። በመጀመሪያ፣ ዓሣ ከእኛ የራቀ ነገር አይደለም። ከመርሳ በውርጌሳና በውጫሌ በኩል ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው የሎጎን ሐይቅ ያገኛል። እዚያ ያለው ቆሮሶ አብዛኛውን ጊዜ የውሃ ተክል ስለሚመገብ በማባበያ አይታለልም፤ አምባዛ ግን ሌላ ዓሣ ይበላል። በጣና ሐይቅ ባርበስ ከሚባሉት ትላልቅ ዓሦች ስምንቱ ዓይነቶች ሌሎች ዓሦችን እያሳደዱ የሚበሉ ናቸው። በጫሞና በአባያም ከመቶ ኪሎ በላይ ሊደርስ የሚችለው ናይል ፐርች ይገኛል። ማባበያውንም ለመሥራት የሚሻ ተማሪ ቡሽ ቢያጣ የደረቀ የቃጫ ዘንግ ቀላልና ለቢላዋ የሚመች ነው። ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ቀጭን ሽቦ ያሳልፍበት፣ ከቆርቆሮ ምላስ ያብጅለት፣ መንጠቆ ከማሰሩም በፊት በገንዳ ውሃ ውስጥ እየሳበ አካሄዱን ይመልከት። አንድ ነገር ግን እናሳስባለን። የጣና ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት ወደ ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። በዚያን ጊዜ በወንዝ አፍ ላይ በመረብ መጥረፍ የነገውን ዓሣ ዛሬ መጨረስ ስለ ሆነ ሊተው ይገባዋል።

ሁለተኛውና ዋናው ጥቅም ግን ከዓሣው ይበልጣል። በአገራችን ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን በሥራቸው የመናቅ ክፉ ልማድ ለብዙ ዘመን ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ አዋጅ ግን አፍን እንጂ ልብን ፈጥኖ አይለውጥም። በጣና ዳር ታንኳ እየሠሩና ዓሣ እያጠመዱ የኖሩት ወገኖቻችንም ከዚሁ ንቀት አላመለጡም። ዛሬም ከእኛ ከተማሪዎች መካከል አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ቢላዋና መዶሻ ቢይዝ የተማረበት ዘመን በከንቱ የባከነ የሚመስለው አይጠፋም። ፈተና ያላለፈ እንደ ሆነም ሥራ የለም ብሎ በመንገድ ዳር ይቀመጣል።

የላውሪ ራፓላ ሕይወት ለዚህ መልስ ይሰጣል። ላውሪ ወደ ሀብት የደረሰው ከሥራው ሸሽቶ አይደለም፤ በዚያው ሲያደክመው በኖረው ሥራ ውስጥ ሌሎች ሳያዩ ያለፉትን በማየቱ ነው። ፓይያኔ ላይ የቀዘፈ ሁሉ አዳኙ ዓሣ ሲወረወር አይቷል፤ የትኛውን እንደሚመርጥ ልብ ያለው ግን እርሱ ነው። እኛም በትምህርት ቤታችን የምንማረው ሳይንስ ይህንኑ ያስተምረናል፤ መመልከት፣ መሞከር፣ ያልሆነውን ጥሎ እንደገና መጀመር። ይህ ትምህርት በደብተር ብቻ ከቀረ የፈተና ዕለት ያበቃል፤ ወደ እርሻው፣ ወደ ሸማ ዕቃውና ወደ ብረት ማቅለጫው ከወረደ ግን አባቶቻችን በደከሙበት ሥራ ላይ አዲስ ነገር ይጨምራል።

ስለዚህ ወላጆቻችን፣ ልጃቸው ከትምህርት ተመልሶ እንጨት ሲቀርጽ ወይም ሽቦ ሲያጣምም ቢያዩት፣ ለዚህ አይደለም ያስተማርንህ ብለው እንዳያሳፍሩት እንለምናለን። እኛም ጓደኞቹ አንሣቅበት። የሚቀርጸው ነገር ምን እንደሚሆን እርሱም፣ እኛም ገና አላየንም።