ቅዱስ ዮሐንስ ማርያ ቪያኔ ወደ ክህነት የተጠራበት መንገድ

ክህነትን መመኘት አንድ ነገር ነው፤ ለክህነት መጠራት ግን ሌላ ነገር ነው። የሚመኝ ሁሉ የተጠራ አይደለም፤ የተጠራም ሁሉ መጠራቱን በአንድ ቀን አያውቅም። አንድ ወጣት ምኞቱ ከእግዚአብሔር ይሁን ከራሱ ለመለየት ሲጨነቅ፥ ወላጆቹና መምህሩም ምን እንደሚመክሩት ሲያመነቱ፥ የአርስ ቆሞስ የነበረው የቅዱስ ዮሐንስ ማርያ ቪያኔ ሕይወት ብዙ ያስተምራቸዋል። ይህ ቅዱስ በዓለም ሁሉ የቆሞሳት ጠባቂ ተብሎ ይከበራል፤ በወጣትነቱ ግን ለክህነት አይበቃም ተብሎ ከዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ተሰናብቶ ነበር።

ዮሐንስ ማርያ በኤውሮጳ አቆጣጠር ሜይ 8 ቀን 1786 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር፥ በሊዮን ከተማ አጠገብ፥ ዳርዲይ በምትባል መንደር ተወለደ፤ ከዚህ በኋላ የሚነገሩትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ ማቴዎስ ቪያኔ ገበሬ ነበረ፤ እናቱም ማርያ ቤሉዝ ትባል ነበር። ከስድስት ልጆች አራተኛው እርሱ ነው። በልጅነቱ በግ ይጠብቅ፥ ከፍ ሲልም ከወንድሙ ጋር በእርሻ ይሠራ ነበር እንጂ ትምህርት ቤት የገባው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ በ1789 ዓ.ም. በፈረንሳይ ታላቅ የመንግሥት ሁከት ተነሣ። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ካህናት ሁሉ ለአዲሱ ሕግ እንዲምሉ ታዘዘ፤ አንምልም ያሉትም ተሰደዱ፥ ብዙዎቹም ተገደሉ። አብያተ ክርስቲያናት በተዘጉበት በዚያ ዘመን ካህናቱ ልብሳቸውን ለውጠው የእጅ ሠራተኛ መስለው ከመንደር ወደ መንደር እየዞሩ በሌሊት ይቀድሱ ነበር። የቪያኔ ቤተ ሰብም በጨለማ እየተጓዘ ቅዳሴ ያስቀድስ ነበር። ዮሐንስ የመጀመሪያውን ቅዱስ ቁርባን የተቀበለው በ1799 ዓ.ም.፥ በ13 ዓመቱ፥ ኤኩሊ በምትባል መንደር በአንድ ሰው ቤት ውስጥ ነው። መስኮቶቹ ተዘግተው፥ የሻማው ብርሃንም በውጭ እንዳይታይ ድርቆሽ የጫነ ጋሪ በፊታቸው ቆሞ ነበር። ካህን ለሕዝቡ ሲል ነፍሱን አሳልፎ የሚሰጥ ሰው መሆኑን ልጁ በመጽሐፍ ሳያነብ በዓይኑ አየ። የክህነት ምኞቱም በዚያ በመከራው ዘመን በልቡ በቀለ።

ሰላም ሆኖ አብያተ ክርስቲያናት ከተከፈቱ በኋላ ምኞቱን ለእናቱ ነገራት፤ እርስዋም ደስ አላት። አባቱ ግን አልፈቀደም። ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም፤ ለሴት ልጁ መዳሪያ ከፍሏል፥ ታላቁን ልጁንም ከውትድርና በገንዘብ አስለቅቆአል፥ እርሻውም ብርቱ ክንድ ይፈልግ ነበር። ዮሐንስም አባቱን ሳይጣላ ከቤት ሳይኮበልል ሁለት ዓመት ያህል ጠበቀ። በመጨረሻም አባቱ ልቡ ራራለት።

በዚያን ጊዜ የኤኩሊ ቆሞስ አባ ባሌ ነበሩ። እኚህ ካህን በስደቱ ዘመን ተደብቀው ምእመናንን ያገለገሉ ሰው ናቸው። ለክህነት የሚታሰቡትንም ልጆች በቤታቸው ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። የዮሐንስ እናት ልጄን ይቀበሉልኝ ብትላቸው ሥራ ስለ በዛባቸው በመጀመሪያ እንቢ አሉ፤ ልጁን ራሱን ካዩት በኋላ ግን ተቀበሉት። ይህም በ1806 ዓ.ም.፥ ዮሐንስ ሃያ ዓመት በሞላው ጊዜ ነበረ።

ትምህርቱ እጅግ ከበደው። የላቲን ሰዋስው ዛሬ ቢያጠናው ነገ ይጠፋበት ነበር። አብረውት የሚማሩት ዕድሜአቸው ከእርሱ በጣም ያነሰ ልጆች ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ፥ ማትያስ ሎራስ የሚባለው የ12 ዓመት ልጅ፥ ትምህርቱ ስለማይገባው ተበሳጭቶ በሰው ፊት መታው። ዮሐንስ ግን በልጁ ፊት ተንበርክኮ ይቅርታ ለመነው፤ ልጁም አለቀሰ። ይህ ማትያስ ኋላ በአሜሪካ የደቡክ ሀገረ ስብከት የመጀመሪያ ጳጳስ ለመሆን የበቃው ነው። ዮሐንስ ተስፋ ሊቆርጥ በደረሰ ጊዜ ምጽዋት እየለመነ ለመሄድ ተስሎ፥ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጉዞ፥ በላሉቬስክ ወደሚገኘው ወደ ቅዱስ ፍራንሲስኮስ ሬጂስ መቃብር ሄደ። በመንገድም ሰዎች ወንበዴ መስሎአቸው ከደጃቸው አባረሩት። ከዚያ ሲመለስ አእምሮው ፈጥኖ የሚይዝ አልሆነም፤ ነገር ግን የሚታገሥበትን ያህል ብርታት አገኘ።

በ1809 ዓ.ም. ሌላ ፈተና መጣ። ለክህነት የሚማሩ ተማሪዎች ከውትድርና ነጻ ነበሩ፤ የእርሱ ስም ግን በዝርዝሩ ውስጥ ስላልተገኘ በስፔን ወደሚደረገው የናፖሌዎን ጦርነት እንዲዘምት ተጠራ። ወዲያውም ታመመና በመጀመሪያ በሊዮን፥ ኋላም በሮአን ሐኪም ቤት ተኛ። ሲሻለው ጦሩ አልፎት ስለ ሄደ ብቻውን ይከተል ጀመር። በመንገድ ደክሞ ሳለ አንድ ወጣት አገኘውና ከውትድርና የሸሹ ሰዎች ወደሚደበቁበት ተራራ፥ ወደ ሌኖኤ መንደር ወሰደው። በዚያም ስሙን ለውጦ፥ አንዲት አራት ልጆች ያሏት መበለት በቤትዋ ሸሽጋው፥ የመንደሩን ልጆች እያስተማረ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጠ። ወታደሮች ሊፈልጉት ሲመጡ በድርቆሽ ውስጥ ይደበቅ ነበር።

በዚህ ጊዜ ዮሐንስ በመንግሥቱ ሕግ የከዳ ወታደር ነው፤ የክህነቱም መንገድ የተቆረጠ መሰለ። በ1810 ዓ.ም. ናፖሌዎን ማርያ ሉዊዛን ባገባ ጊዜ ለከዱት ሁሉ ምሕረት አወጀ፤ የዮሐንስም ታናሽ ወንድሙ በእርሱ ፈንታ ዘመተ። በ1811 ዓ.ም. መጀመሪያ ዮሐንስ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ እናቱም ልጅዋን ባየች በጥቂት ሳምንት ውስጥ አረፈች። በእርሱ ፈንታ የዘመተው ወንድሙ ግን ከጦርነቱ ሳይመለስ ቀረ። ስለዚህ የዚህን ሰው ክህነት ዋጋ የከፈለው እርሱ ብቻ አልነበረም፤ አባቱ የልጆቹን ጉልበት አጥቷል፥ ወንድሙም ሕይወቱን ሰጥቷል። ዮሐንስ ከዚህ በኋላ ወደ ኋላ ለመመለስም ወደ ፊት ለመሄድም በቀላሉ የሚወስን ሰው ሊሆን አልቻለም።

በ1812 ዓ.ም. ወደ ቬሪየር ትንሹ ዘርአ ክህነት፥ በ1813 ዓ.ም. መጨረሻም በሊዮን ወደሚገኘው ወደ ቅዱስ ኢሬኔዎስ ታላቁ ዘርአ ክህነት ገባ። በዚያ ትምህርቱ ሁሉ በላቲን ስለ ነበረ መምህራኑ የሚናገሩትን መከተል አልቻለም። በጠባዩና በጸሎቱ አንድም የሚነቅፈው ሳይኖር፥ ጥቂት ወራት ከቆየ በኋላ ትምህርቱ አይሳካለትም ተብሎ ተሰናበተ። ያን ጊዜ ዕድሜው ወደ 28 ዓመት ተጠግቶ ነበር።

ዮሐንስ የአለቆቹን ፍርድ የእግዚአብሔር መልስ አድርጎ ተቀበለው። ክህነት ካልተፈቀደለት በአንድ ገዳማዊ ማኅበር ገብቶ ክህነት የሌለው ወንድም ሆኖ ለማገልገል አሰበ። በሰው ዓይን ሲታይ ነገሩ ያለቀ ነበር። ነገር ግን ለብዙ ዓመት በአንድ ቤት አብረውት የኖሩት አባ ባሌ አላለቀም አሉ። መምህራኑ ያዩት የተማሪውን መልስ ነው፤ አባ ባሌ ግን የሰውዬውን ኑሮ አይተዋል። እንደ ገና ወደ ቤታቸው ወስደው የሃይማኖቱን ትምህርት በሚሰማው ቋንቋ፥ በፈረንሳይኛ፥ አስተማሩት። ለፈተናም በቀረበ ጊዜ በመርማሪዎቹ ፊት ደንግጦ መልስ አጣ። አባ ባሌ ግን ወደ ሊዮን ሄደው መርማሪዎቹ ወደ ኤኩሊ መጥተው በቤታቸው እንዲመረምሩት ለመኑ። በዚያም ዮሐንስ ሳይፈራ በቋንቋው ስለ ተጠየቀ መልካም አድርጎ መለሰ።

የመጨረሻው ፍርድ ግን የቤተ ክርስቲያን ነበረ። የሊዮን ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ፌሽ በስደት ስለ ነበሩ ጉዳዩ ወደ እንደራሴያቸው ወደ አባ ኩርቦን ቀረበ። እርሳቸውም ወጣቱ የሚጸልይ፥ እመቤታችንን የሚወድ ሰው እንደ ሆነ ጠየቁ፤ እንዲህ ያለ ሰው በሀገረ ስብከቱ እንደማይገኝ ተነገራቸው። እንግዲያውስ የጎደለውን ጸጋ እግዚአብሔር ይሞላዋል ብለው ተቀበሉት። በጁላይ 2 ቀን 1814 ዓ.ም. ንፍቀ ዲያቆን፥ በጁን 23 ቀን 1815 ዓ.ም. ዲያቆን ሆነ። ለቅስናውም የኦስትሪያ ወታደሮች በሞሉበት መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻውን በእግሩ ተጉዞ፥ ኦገስት 13 ቀን 1815 ዓ.ም. በግሬኖብል ከተማ በ29 ዓመቱ ካህን ሆነ። በዚያ ቀን ከእርሱ በቀር ሌላ የሚሾም አልነበረም።

ቤተ ክርስቲያን ከሾመችውም በኋላ ፈጥና ሁሉን አልሰጠችውም። ለአባ ባሌ ረዳት ሆኖ በኤኩሊ ቢመደብም ኑዛዜ ለመስማት ወዲያው አልተፈቀደለትም፤ ለጥቂት ወራት ጠበቀ። ፈቃዱ በመጣ ጊዜ በመጀመሪያ በፊቱ ተንበርክከው የተናዘዙት መምህሩ አባ ባሌ ራሳቸው ናቸው። እርሳቸውም በዲሴምበር 1817 ዓ.ም. አረፉ።

በፌብሩዋሪ 1818 ዓ.ም. ዮሐንስ 230 ያህል ነዋሪዎች ወዳሉባት ወደ ትንሽዋ መንደር ወደ አርስ ተላከ። መንገዱ በጉም ተሸፍኖ ጠፍቶበት ነበርና አንድ እረኛ ልጅ አሳየው። ሕዝቡ ሃይማኖቱን የዘነጋ ነበረ። እርሱ ግን በሌሊት ተነሥቶ በቤተ ክርስቲያን ይጸልይ፥ ይጾም፥ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ምእመናኑን ይጠይቅ ነበር። በ1824 ዓ.ም. ለድሆች ሴቶች ልጆች ቤት ከፈተ። ቀስ በቀስም ከሩቅ አገር ሰው ወደ እርሱ ይመጣ ጀመር፤ በየዓመቱም ቍጥሩ ወደ ብዙ ሺህ ደረሰ። ላቲን ያልገባው ካህን በቀን 12፥ በበጋም እስከ 16 ሰዓት በመንበረ ኑዛዜ ተቀምጦ የሰውን ልብ ሸክም ይሰማ ነበር።

ነገር ግን ጥርጣሬው ከእርሱ አልራቀም። በአካባቢው ካሉት ካህናት አንዳንዶቹ ይህን ያህል ያልተማረ ሰው ነፍስ ሊመራ አይገባውም ብለው ለጳጳሱ ለአቡነ ደቪ የሚላክ የክስ ደብዳቤ አዘዋወሩ። ደብዳቤው በስሕተት በእጁ በደረሰ ጊዜ እርሱም እውነት ነው ብሎ ፈረመበት። ጳጳሱ ግን መርምረው በሥራው አጸኑት። ራሱ ዮሐንስም ለቁምስና የማይበቃ መስሎት፥ ስለ ኃጢአቱ በብቸኝነት ሊያለቅስ ወድዶ፥ በ1840፥ በ1843ና በ1853 ዓ.ም. ከአርስ ሊሸሽ ሞከረ። በመጨረሻው ጊዜ ሌሊት ሲወጣ ሕዝቡ ደወል ደውሎ መንገድ ዘጋበት፤ እርሱም ተመልሶ ወደ መንበረ ኑዛዜው ገባ።

ስለዚህ የተጠራ ሰው ፈጽሞ የማይጠራጠር ሰው ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር የአርስን ቆሞስ ይመልከት። መጠራቱን ያረጋገጠለት የራሱ ልብ ብቻ አልነበረም፤ ልቡማ ብዙ ጊዜ ሽሽ ይለው ነበር። በአባቱ እንቢታ፥ በትምህርት ውድቀት፥ በስደትም ያልጠፋው ምኞቱ አንድ ምስክር ነው። ዓመታት አብረውት ኖረው የመሰከሩለት መምህሩ ሁለተኛው ምስክር ናቸው። መርምራ፥ አዘግይታ፥ በመጨረሻም በስሙ የጠራችው ቤተ ክርስቲያን ሦስተኛዋ ናት። ሦስቱ በተስማሙ ጊዜ እርሱ ታዘዘ፤ በተጠራጠረም ጊዜ ጳጳሱ ካላሰናበቱት በቀር በሥራው ጸና።

ዮሐንስ ማርያ ቪያኔ በአርስ 41 ዓመት ካገለገለ በኋላ ኦገስት 4 ቀን 1859 ዓ.ም. በ73 ዓመቱ አረፈ። በ1905 ዓ.ም. ብፁዕ ተባለ፤ በሜይ 31 ቀን 1925 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ቅድስናውን አወጁ፤ በ1929 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ቆሞሳት ሁሉ ጠባቂ እንዲሆን ወሰኑ።

ልጁ ካህን ልሁን ያለው አባት እንደ ማቴዎስ ቪያኔ ቢያመነታ አይፈረድበትም፤ በመጨረሻ ግን እንደ እርሱ ይፍቀድ። ቆሞስ የሆነ ሁሉ በደብሩ ካሉት ልጆች መካከል ፊደል የሚከብደው ግን ጸሎት የማይከብደው አንድ ልጅ እንዳለ ይመልከት፤ አባ ባሌ ባይታገሡ ኖሮ አርስ እረኛዋን ባላገኘችም ነበር። ወጣቱም ምልክት ከሰማይ እስኪወርድለት አይጠብቅ፤ ምኞቱን ለሚያውቀው ካህን ይንገር፥ ይመርመር፥ ይታዘዝ። የመከሩ ጌታ ለቤተ ክርስቲያኑ እንደ ልቡ የሆኑ እረኞችን ይስጥ። አሜን።