የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወትና የዘር ነገር

በሽሮ ሜዳ ያደግን ልጆች እንጦጦን ወጥቶ መውረድን እንደ ቁም ነገር አንቈጥረውም፤ ከቈላ የመጣ እንግዳ ግን ዳገቱን ሳያጋምስ ትንፋሹ ያጥረዋል። ስለዚህ ሩጫ በደማችን ውስጥ ነው ሲባል ደስ ይለናል። እኔም የሻምበል አበበ ቢቂላን ታሪክ እስካነብ ድረስ እንዲሁ አምን ነበር።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፥ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ፥ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ከብት ሲጠብቅ አድጎ፥ በወጣትነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ተቀጠረ። በዚያም ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ችሎታውን አይቶ በጽኑ ልምምድ አሠለጠነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ፥ አዲሱ ጫማ ስላልተመቸው በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጸመ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቈይቶ፥ በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸነፈ።

ታዲያ ይህ ከዘር የመጣ ነውን? ሊቃውንት እንደ ደረሱበት፥ ሰውነት አየርን የመጠቀም ችሎታው በልምምድ ምን ያህል እንደሚያድግ ከሰው ሰው ይለያያል፤ የልዩነቱም ግማሽ ያህል ከወላጆች የሚወረስ ነው። ይሁን እንጂ የታወቁ ኢትዮጵያውያን ሯጮች ተመርምረው፥ ለጽናት ይረዳል የተባለው የታወቀ ዘረ መል ከሌላው ሕዝብ በልጦ አልተገኘባቸውም። ከሯጮቹ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ረጅም መንገድ እየሮጡ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። ደጋና ደም ብቻ ቢበቃማ፥ በትምህርት ቤታችን ሩጫ እኔ ሁልጊዜ መጨረሻ ባልወጣሁ!

በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ አበበ እግሩን ታሞ ሲያቋርጥ፥ ድሉን የወረሰው የሥጋ ዘመዱ ሳይሆን የክብር ዘበኛ ባልደረባው ማሞ ወልዴ ነው። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር አበበ መኪና ተገልብጦበት ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሲታከም ቀስት መወርወር ተማረ፤ በ1962 ዓ.ም. በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ በዚያው በአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ተወዳደረ። በሚቀጥለውም ዓመት በኖርዌይ፥ በበረዶ ላይ ተንሸራቶ ባለ ድል ሆነ።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በተወለደ በ41 ዓመቱ ዐረፈ፤ መቃብሩም በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ይገኛል።