ሉዶልፍ ቫን ኮይለን፤ የሰይፍ መምህሩ የሒሳብ ሊቅ

የጋሪው መንኮራኩር፣ የወፍጮው ድንጋይ፣ ምጣዱ፣ የመድፉ አፈሙዝ ሁሉ ክብ ነው። የማንኛውም ክብ ዙሪያ ለዲያሜትሩ፣ ማለትም በመካከሉ አልፎ ከዳር እስከ ዳር ለሚሰመረው መስመር ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ምንጊዜም አንድ ነው። ክቡ ቢያንስም ቢተልቅም ይህ ቁጥር አይለወጥም። ዛሬ በግሪክኛ ፊደል ስም ፓይ ተብሎ የሚጠራው ይኸው ቁጥር ከ3 ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፣ ከነጥቡ በኋላ የሚከተሉት አሃዞች ግን ማለቂያ የላቸውም፤ በተወሰነ ሥርዓትም አይደጋገሙም። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ዕድሜውን ይህን ቁጥር በመከታተል ያሳለፈውን የአንድ የሰይፍ መምህር የሕይወት ታሪክ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢያችን ይገነዘብልን።

ሉዶልፍ ቫን ኮይለን በጀርመን አገር ሂልደስሃይም በተባለች ከተማ ጥር 28 ቀን 1540 ተወለደ። ቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው አቅም አልነበረውም። በዚያ ዘመን ደግሞ የአውሮፓ ሊቃውንት የሚጽፉትም የሚከራከሩትም በላቲን ነበርና፣ ላቲን የማያውቅ ሰው ከዕውቀት አደባባይ ውጭ እንደቆመ ይቆጠር ነበር። ሉዶልፍ ላቲንም ግሪክኛም አልተማረም። ወደ ሆላንድ ተሻግሮ በዴልፍት ከተማ ሲኖር እንጀራውን ያገኝ የነበረው በሁለት ሙያ ነው፤ ይኸውም ወጣቶችን የሰይፍ አያያዝ በማሠልጠንና ሒሳብ በማስተማር ነበር።

በዴልፍት ሳለ ያን ደ ግሮት የተባለ የተማረ ወዳጅ አገኘ። ይህ ሰው በኋላ በሕግ ሊቅነቱ ዝናው የናኘው የሁጎ ግሮቲዩስ አባት ነው። ደ ግሮት የጥንቱን ግሪካዊ ሊቅ የአርኪሜዲስን ሥራ በሆላንድኛ ተረጎመለት። ሉዶልፍም የሕይወቱን መንገድ ያገኘው በዚህ ትርጉም ነው።

የአርኪሜዲስ ዘዴ በአጭሩ እንዲህ ነው። በክቡ ውስጥ ስድስት እኩል ጎኖች ያሉት ቅርጽ ቢሰመር፣ የቅርጹ ዙሪያ የዲያሜትሩ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ክቡን ከውጭ የሚነካ ተመሳሳይ ቅርጽ ቢሰመር ደግሞ ዙሪያው ከክቡ ይበልጣል። እውነተኛው ልክ በሁለቱ መካከል ይገኛል ማለት ነው። የጎኖቹ ቁጥር ወደ 12፣ ወደ 24፣ ወደ 48 እያደገ ሲሄድ የውስጡና የውጩ ቅርጽ ወደ ክቡ እየተጠጉ፣ ቁጥሩ የሚደበቅበት ስፍራ እየጠበበ ይመጣል። አርኪሜዲስ እስከ 96 ጎን ድረስ ሄዶ፣ ቁጥሩ ከ3 እና ከ1/7 የሚያንስ፣ ከ3 እና ከ10/71 የሚበልጥ መሆኑን አረጋገጠ። ሉዶልፍ ይህንኑ መንገድ ይዞ ወደፊት ለመግፋት ቆረጠ።

መንገዱ ግን ያለ ሙግት አልተጓዘም። በ1584 ሲሞን ቫን ደር ኤይከ የተባለ ሰው የክብን ምስጢር ፈታሁ ብሎ 3.14256 ገደማ የሆነ ቁጥር አወጀ። ሉዶልፍ ስሌቱን መርምሮ ስህተት መሆኑን በጽሑፍ አስረዳ። ከዚህ የከበደው ፈተና የመጣው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ሉዶልፍ በ1594 በላይደን ከተማ የሰይፍ ትምህርት ቤት በከፈተበት ዓመት፣ ከዘመኑ ሊቃውንት ሁሉ በላይ ይከበር የነበረው የላይደን ዩኒቨርሲቲው ጆዜፍ ስካሊገር አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ መሠረት የሚፈለገው ቁጥር በራሱ ሲባዛ 10 የሚሆነው፣ ማለትም 3.1622 ገደማ የሆነው ነበር። ይህ ደግሞ አርኪሜዲስ ካስቀመጠው የላይኛው ወሰን እንኳ ያለፈ ነው።

ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ አልነበረም። ዲያሜትሩ 100 ሜትር የሆነ ክብ ምሽግ የሚሠራ መሐንዲስ የስካሊገርን ቁጥር ቢከተል፣ በዙሪያው ልኬት ሁለት ሜትር ያህል ይሳሳታል። ሉዶልፍ ሊቁ ስህተቱን እንዲያርም ሰዎች ልኮ ሊያስረዳው ሞከረ። ስካሊገር ግን ላቲን ከማያውቅ የሰይፍ አሠልጣኝ እርማት የሚቀበል ሰው አልነበረም። ሉዶልፍ ለዝና በዝና ሊመልስ አይችልም ነበርና መልሱ ሥራ ሆነ። በ1596 ስለ ክብ በሆላንድኛ ባሳተመው መጽሐፉ ቁጥሩን ከነጥብ በኋላ እስከ 20 አሃዝ ድረስ በትክክል አወጣ። ቁጥር የማዕረግ ልዩነት አያውቅምና ትክክለኛው ሰይፍ አስተማሪው ሆኖ ተገኘ።

በዚያን ጊዜ ሆላንዶች ከስጳኝ ንጉሥ ጋር ረዥም ጦርነት ላይ ነበሩ። የጦሩ አዛዥ የናሳው ልዑል ማውሪትስ፣ ምሽግ የሚያንጹና መሬት የሚቀይሱ ባለሙያዎች እጅግ ስላስፈለጉት፣ በ1600 በላይደን የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት እንዲከፈት አደረገ። የትምህርቱን ዕቅድ ያወጣው ዕውቁ መሐንዲስ ሲሞን ስቴቪን ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው በላቲን ሳይሆን ሕዝቡ በሚናገረው በሆላንድኛ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት መምህራን አንዱ ሉዶልፍ ሆኖ ተሾመ። በዩኒቨርሲቲ ደጅ ያላለፈው ሰው በስድሳ ዓመቱ የዩኒቨርሲቲ ከተማ መምህር ሆነ ማለት ነው። በዚህም ሥራ እስከ ዕለተ ሞቱ ቆየ።

ከማስተማሩ ጎን ለጎን ስሌቱን አላቋረጠም። የጎኖቹ ብዛት በእጥፍ እየጨመረ፣ ስድስት ቢሊዮን ጊዜ ስድስት መቶ ሚሊዮን እንኳ የማይደርስበት ሆነ፤ ቁጥሩ በ19 አሃዝ የሚጻፍ ነበር። በእያንዳንዱ እጥፍ ረዥም ስሌት በእጅ ይሠራል። ዛሬ ያለው የስሌት መሣሪያ አልነበረም፤ የነበረው ቀለም፣ ወረቀትና ትዕግሥት ብቻ ነው። በመሐል አንዲት አሃዝ ብትዛነፍ ከእርሷ በኋላ ያለው ልፋት ሁሉ ከንቱ ይቀራል። እርሱ ግን 35 አሃዝ ደረሰ፤ ይኸውም 3.14159265358979323846264338327950288 ነው። የኋላ ዘመን ሊቃውንት ሲመረምሩት አንድም አሃዝ ተሳስቶ አልተገኘም።

ሉዶልፍ ታኅሣሥ 31 ቀን 1610 በላይደን አረፈ፤ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያንም ተቀበረ። ባለቤቱ አድሪያና ሲሞንስ ሥራው ከእርሱ ጋር እንዳይቀበር ተግታ በ1615 ሌላ መጽሐፉን አሳተመች። ቪሌብሮርድ ስኔሊየስ የተባለው የላይደን ሊቅም ሥራውን ወደ ላቲን መለሰው፤ በ1621ም እጅግ ባነሱ ጎኖች ወደዚያው ውጤት የሚያደርስ አቋራጭ መንገድ አሳየ። ጀርመኖች ቁጥሩን ለረዥም ዘመን የሉዶልፍ ቁጥር እያሉ ሲጠሩት ኖረዋል።

አንባቢያችን ይህ ሁሉ አሃዝ ለምን ይጠቅማል ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። አሥሩ አሃዞች ብቻ ምድርን የሚያህል ክብ ዙሪያ ከሁለት ሚሊሜትር ባነሰ ስህተት ለማስላት ይበቃሉ። የሰው ልጅ ግን በዚህ አላበቃም። በ2015 አንድ ህንዳዊ 70,000 አሃዞችን በቃሉ ወጣቸው፤ በ2022 ደግሞ ኮምፒዩተር 100 ትሪሊዮን አሃዝ አሰላ። ከእነዚህ አጠገብ የሉዶልፍ 35 አሃዞች ጥቂት ይመስላሉ። የእርሱ ትርፍ ግን በአሃዙ ብዛት አይለካም።

በመቃብሩ ድንጋይ ላይ የተቀረጸው አንድ ቁጥር ሳይሆን ሁለት ነበር። የመጨረሻው አሃዝ በአንዱ 8 በሌላው 9 ሲሆን፣ እውነተኛው ልክ ከፊተኛው የሚበልጥ፣ ከኋለኛው የሚያንስ መሆኑን ይገልጻል። ስካሊገር ሁሉን አገኘሁ ብሎ ሲሳሳት፣ ሉዶልፍ እስከዚህ ደርሻለሁ፣ ከዚህ አላለፍኩም ብሎ ወሰኑን አስቀመጠ። ያ ድንጋይ ከጊዜ በኋላ ጠፍቶ ነበር፤ ሐምሌ 5 ቀን 2000 ግን በዚያው ቤተ ክርስቲያን አዲስ መታሰቢያ ቆመለት። የሚያውቀውን ከማያውቀው ለይቶ በልኩ የሚናገር ሰው፣ ላቲን ባይችልም ሊቅ ነው እንላለን።