አለቃ ገብረ ሐና፤ በጸሎትና በጨዋታ መካከል

የአለቃ ገብረ ሐና ስም ያልደረሰው አማርኛ ተናጋሪ የሚገኝ አይመስልም። ሕፃናት ፊደል ሳይቈጥሩ ጨዋታቸውን ይሰማሉ፤ ሽማግሌዎችም በሰርግና በማኅበር ቤት እየደጋገሙ ይሥቁበታል። ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋ በኩል ወደ መተማ፥ ከዚያም ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ገላባትና ወደ ገዳሪፍ የሚወርድ መንገደኛ ከስንቁ ጋር እኒህን ጨዋታዎች ይዞ ይወርዳል ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ይህ ዝና ለባለቤቱ ጥቅምም ጉዳትም ሆኗል። ጥቅሙ ስማቸው ከመቶ ዓመት በላይ ሳይረሳ መቈየቱ ነው፤ ጉዳቱ ደግሞ እኒያን የሚያህሉ ሊቅ ቀልደኛ ብቻ አድርጎ ማስቀረቱ ነው። በሕይወታቸው ሳሉ የጎንደር ካህናት ያውቋቸው የነበረው በመቋሚያ ተደግፈው ሌሊቱን ቆመው የሚያነጉ የማኅሌት ሰው፥ የቅኔና የፍትሐ ነገሥት መምህር እንደ ሆኑ ነበር። ጨዋታቸውም የፈለቀው ከዚሁ የሌሊት ቁመት ነው።

አለቃ ገብረ ሐና የተወለዱት በ1814 ዓ.ም. ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በሚገኘው በፎገራ፥ ናበጋ ጊዮርጊስ በተባለው ደብር ነው። ፎገራ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የሚተኙበት ሜዳ ነው፤ እዚያ ያደገ ልጅ ውሃንና በውሃ ዳር የሚበቅለውን ደንገል ሲያይ ያድጋል። ይህ ነገር ኋላ በሥራቸው ላይ የሚታይ ስለ ሆነ እግረ መንገዱን መጥቀሱ ይበጃል። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። መኳንንቱ እርስ በርሳቸው ሲዋጉ፥ ገበሬው ሲዘረፍ፥ ትምህርቱ ግን አልተቋረጠም፤ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ውሻ እየነከሰው እህል እየለመነ ከመምህር ወደ መምህር ይሄድ ነበር። ወጣቱ ገብረ ሐናም በዚሁ ሥርዓት ወደ ጎጃም ተሻግረው ቅኔ ተቀኙ፤ ከዚያም ወደ ጎንደር ተመልሰው ዜማንና አቋቋምን፥ መጻሕፍትንና ፍትሐ ነገሥትን ተማሩ። በሊቅነታቸው ገና በጎልማሳነታቸው የታወቁ ሆኑ፤ የጎንደር በአታም አለቃ ተባሉ።

እኒህን ሰው ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ቅኔ ቤትን ማየት አለበት። የቅኔ ተማሪ መምህሩ የነገሩትን ቃል በቃል መልሶ ቢያቀርብ ምስጋና አያገኝም። በየቀኑ አዲስ ቅኔ ማምጣት ግዴታው ነው፤ የትናንቱ ለዛሬ አይሆንም፥ የሌላውም ለእርሱ አይሆንም። ስለዚህ ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ዛፍ ጥላ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ይሄዳል፤ ራሱን ሸፍኖ፥ ዓይኑን ጨፍኖ፥ ቃልን ከቃል እያጋጨ ቅኔ ይቈጥራል። ከሩቅ ላየው የተኛ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ይሠራል። ሊቃውንት ተመስጦ የሚሉት ይህን ነው። አሳቡ የእግዚአብሔር ምሥጢር፥ መሣሪያው ግን የቃል ጨዋታ ነው፤ አንዱን ቃል በሁለት ትርጉም የሚያስኬደው ኅብር የሚባለው መንገድ ከዕቃ ዕቃ ጨዋታ የሚለየው በጥልቀቱ ብቻ ነው። ማታ ሲሆን ተማሪው በጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፥ ከፍ ሲልም በመወድስ ስምንት ቤት ያዘጋጀውን ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩም ያርሙታል። በዚህ ቤት ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥንና መጫወትን እንደ ሁለት ነገር አድርጎ ሊያይ አይችልም።

አቋቋሙ ደግሞ ይህንኑ ከአሳብ ወደ ሰውነት ያወርደዋል። በስድስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ የደረሰው ዜማ በድጓ፥ በጾመ ድጓ፥ በምዕራፍ፥ በዝማሬና በመዋሥዕት ተጽፎ ሲተላለፍ፥ ካህናቱ ዜማውን ይዘው እንዴት እንደሚቆሙና እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ የሚያስተምረው ክፍል አቋቋም ይባላል። በበዓል ዋዜማ ሌሊት ካህናት በቅኔ ማኅሌት በቀኝና በግራ ይሰለፋሉ። መጀመሪያ ቃሉ ያለ ከበሮ በቁም ይዜማል፤ ቀጥሎ መቋሚያው ከዜማው ጋር በዝግታ ይወዛወዛል፥ ይህም ዝማሜ ነው፤ ከዚያ በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ በመጨረሻም በጽፋት እጅ ይጨበጨባል፥ ሽብሸባውም ይደምቃል። አንዲቱ ቃል እየተመላለሰች ብዙ ጊዜ ትባላለች። እንግዳ ሰው ቢያይ ተደጋገመ ብሎ ሊሰለች ይችላል፤ በውስጡ ያለ ሰው ግን ቃሉ በተመላለሰ ቍጥር አሳቡ እየተሰበሰበ፥ እንቅልፉም እየራቀ ይሄዳል። ንጉሥ ዳዊት በታቦቱ ፊት በዘለለ ጊዜ ሜልኮል በልቧ እንደ ናቀችው በመጽሐፍ ተጽፏል፤ የማኅሌት ሊቃውንት ግን ከዳዊት ወገን ናቸው።

አለቃ ገብረ ሐና ይህን ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አውጥተው በየሰው ቤትና በየአደባባዩ ይዘውት ሄዱ። በስፋት ከሚነገሩላቸው አንዱን ማስታወስ ይበቃል። በአንድ ቤት ተጋብዘው ሳሉ ከምግቡ ዘንድ አይጥ ስትወጣ ያያሉ። ባለቤቲቱን ማሳፈር አልወደዱም፤ ዝም ብለው ማለፍም አልቻሉም። ከማዕድ በኋላ እንዲመርቁ ሲጠየቁ ሴትዮዋን ማርያም ከምጥ እንድታወጣት መረቁ፤ ነገር ግን ምጥ ከሚለው ቃል አጠገብ በድምፅ የሚመስለውን የአይጥን ስም ሸጐጡበት። የሰማ ሳቀ፤ ምርቃቱም ምርቃት መሆኑ አልቀረም። ለማንኛዪቱም ሴት ከምጥ በደኅና መውጣት ታላቅ ጸሎት ነውና። እንግዲህ በዚህች ትንሽ ነገር ውስጥ ቅኔ ቤት፥ ጸሎትና ሳቅ በአንድ ትንፋሽ ተገናኝተው ይገኛሉ።

ሆኖም በስማቸው የሚነገረው ሁሉ የእርሳቸው ነው ማለት አይቻልም። ሕዝብ ባለቤት ያጣለትን ቀልድ ሁሉ ወደ እርሳቸው ይጥለዋል። ከእነዚህም መካከል ድኻውንና የገጠሩን ሰው የሚያዋርዱ፥ በሚስታቸው በወይዘሮ ማዘንጊያ ላይ የሚሳለቁ፥ ለጆሮም የማይመቹ አሉ። እነዚህ በእውነት ከአለቃ አፍ ወጥተው ከሆነ ምላሳቸው ከጸሎታቸው የቀደመበት ጊዜ ነበረ ማለት ነው፤ ሊቅ መሆን ከዚህ አያድንምና። ተማሪዎች የሚጠቀሙት የተመረጡትን ቢሰሙ ነው።

ምላሳቸው ለራሳቸውም ፈተና ሆነባቸው። ነገሥታቱና መኳንንቱ ጨዋታቸውን ይወዱ ነበር፤ በገዛ ራሳቸው ላይ ሲመጣ ግን ይቈጡ ነበር። ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር እንዳልተስማሙ፥ በዚያም ምክንያት ከጎንደር እንደ ራቁ ይተረካል። በስደታቸው ዘመን ካረፉባቸው ቦታዎች አንዱ በጣና ላይ ያለችው የሬማ ደሴት ገዳም ነች። ደሴት ላይ ለቀልደኛ የሚሆን ብዙ ነገር የለም። አድማጩ ጥቂት ነው፤ መነኮሳቱ ጸሎታቸውን አድርሰው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ፤ የቀረው ውሃና ነፋስ ነው። አለቃ ግን በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከሕይወታቸው ሁሉ የሚበልጠውን ጨዋታ አገኙ። በትውፊት እንደሚነገረው በሐይቁ ዳር ተቀምጠው ማዕበሉ ወደ ዳር ሲመጣና ሲመለስ፥ ደንገሉም በነፋስ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲዘነበል ለብዙ ጊዜ ይመለከቱ ነበር። ደንገሉ ይዘነበላል እንጂ አይሰበርም፤ ሥሩም ከቦታው አይነቃነቅም። ይህን እያዩ የያሬድን ዜማ በልባቸው ያዜሙ ነበር። በመጨረሻም መቋሚያቸውን አንሥተው ያንኑ እንቅስቃሴ በዝማሜው ላይ አመጡት፤ ሰውነት ከእግሩ ሳይነቀል እንደ ደንገሉ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይል ጀመር። ዜማው የድሮው ነው፤ ቃሉም የድሮው ነው። የተለወጠው ቃሉ በሰውነት ላይ የሚያርፍበት መንገድ ብቻ ነው።

የጎንደር ሊቃውንት ይህን አዲስ ስልት አልተቀበሉትም። በእነርሱ መፍረድ ቀላል አይደለም። በዚያ ዘመን አቋቋም የሚተላለፈው ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በዓይንና በጆሮ ነበር፤ አንዱ መምህር እንደ ወደደ ቢለውጠው፥ ሌላውም እንዲሁ ቢያደርግ፥ ከጥቂት ትውልድ በኋላ የያሬድ የሚባል ነገር ባልቀረ ነበር። ቀልደኝነታቸው የታወቀ ሰው ባመጡት ጊዜ ደግሞ ጥርጣሬው ይበልጥ ይከብዳል፤ አለቃ በዚህም እየቀለዱ እንደ ሆነ የጠረጠረ አይጠፋም። አለቃ ግን አልተከራከሩም፤ ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ተክሌም ለሌሎች አስተማረ፤ ትምህርቱም በደብረ ታቦር ተተከለ። ጥርሳቸውን ለሳቅ የማይሰስቱ አባት በዚህ ነገር ትዕግሥተኛ ሆነው መገኘታቸው ያስገርማል። ለሌላው ነገር ሁሉ መልስ ነበራቸው፤ ለዚህ ግን መልሳቸው ተማሪ ማፍራት ብቻ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ወደ ሸዋ ወርደው በዐፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ቤተ መንግሥት የታወቁ ሆኑ። ስለዚህ ዘመን የሚነገረው ብዙ ነው፤ አብዛኛውም የእቴጌይቱን ቍጣና የአለቃን ማምለጫ የሚመለከት ስለ ሆነ ሁሉም ያውቀዋል።

ብዙ ሰው የማያስበው በዚያው ዘመን በአገራቸው የደረሰውን ነው። ጎንደር በእርሳቸው ዕድሜ ሁለት ጊዜ ተቃጥላለች። በመጀመሪያ በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማዪቱን ዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠሉ። ሁለተኛው ከድንበር ማዶ መጣ። በጥር 1880 ዓ.ም. የማህዲስቱ አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ ከገላባት ተነሥቶ በደምብያ ሣር ውሃ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ነሣ፤ ወደ ጎንደርም ገብቶ አብዛኞቹን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠለ፥ ብዙ ሰውም ማርኮ ወሰደ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ቈስለው ሞቱ። ነጋዴው ከገዳሪፍ፥ ሱቅ አቡ ሲን ይባል ከነበረው ገበያ፥ ወደ ጎንደር ይመላለስበት የነበረው መንገድ የጦር መንገድ ሆነ።

የሚገርመው ነገር በድንበሩ በዚያኛውም ወገን ሕዝቡ በጸሎት ሰዓት ሰውነቱን የሚያወዛውዝ ሕዝብ መሆኑ ነው። በምሥራቅ ሱዳን የሱፊ ማኅበራት በዚክር ሥርዓታቸው የእግዚአብሔርን ስም እየደጋገሙ፥ ተሰልፈው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያሉ ያመሰግኑ ነበር፤ በከሰላ ማዕከሉን ያደረገው የኸትሚያ ማኅበር በዚያ አገር የታወቀ ነው። ማህዲው በተነሣ ጊዜ እነዚህን ማኅበራት ሁሉ ሽሮ አንድ ሥርዓት ብቻ እንዲኖር አዘዘ፤ ኸትሚያዎችም ተቃወሙት። ስለዚህ ጎንደርን ያቃጠለው ኃይል በገዛ አገሩም ለእንዲህ ያለው ጸሎት ቦታ የነፈገ ነበር። ሃይማኖቱ የተለያየ ቢሆንም ሁለቱም ወገኖች በአንድ ዘመን በአንድ ክንድ ተመተዋል።

በጎንደር መጻሕፍቱ ከቤቶቻቸው ጋር ነደዱ። መምህራኑም በየአገሩ ተበተኑ። ነገር ግን አቋቋም በብራና ላይ ብቻ የሚኖር ትምህርት አይደለምና ሊቃውንቱ በሄዱበት አብሯቸው ሄደ፤ በትከሻቸውና በእግራቸው፥ በመቋሚያ አያያዛቸውና በጭብጨባቸው ውስጥ ነበርና እሳት አልደረሰበትም። የጎንደሩ ስልት በራሱ በጎንደር፥ የአለቃ ስልትም በደብረ ታቦር ቀጠለ።

አለቃ ገብረ ሐና በስተርጅና ዘመናቸው ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው በ1898 ዓ.ም. ዐረፉ። ዕድሜያቸው ሰማንያ አራት ዓመት ያህል ነበር። ዛሬ የአቋቋም ተማሪ ትምህርቱን ሲጨርስ በጎንደሩ ስልት ለማስመስከር ወደ ጎንደር በአታ፥ በሌላው ስልት ለማስመስከር ደግሞ ወደ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ይሄዳል። እዚያ የሚማረው ዝማሜ በብዙ አድባራት በበዓል ሌሊት ይታያል፤ ካህናቱ በሁለት ወገን ተሰልፈው መቋሚያቸውን እንደ ሐይቅ ዳር ደንገል ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲያዘነብሉ ሕዝቡም ከኋላ ሆኖ አብሮ ይወዛወዛል። ስልቱ ግን ባገኙት በአለቃ ስም አይጠራም፤ የተክሌ አቋቋም ይባላል።