ኤድጋር አለን እና የማህፀን ሽፋን

በእስቴ መካነ ኢየሱስም ሆነ በሌላ አካባቢ፣ ካረጡ በኋላ ደም አይተው ለማንም ሳይናገሩ የሚቆዩ እናቶች አሉ። ይህ ዝምታ ለምን አደገኛ እንደሆነ ለመረዳት የፕሮፌሰር ኤድጋር አለንን ሥራ እናስታውስ።

አለን እ.ኤ.አ. በ1892 በአሜሪካ ኮሎራዶ ተወለዱ። በሴንት ሉዊስ ከተማ ሲያስተምሩ ከባዮኬሚስቱ ኤድዋርድ ዶይዚ ጋር ሆነው ከአሳማ እንቁልጢ (ኦቫሪ) ያወጡትን ፈሳሽ፣ እንቁልጢያቸው በቀዶ ሕክምና በወጣላቸው አይጦች ላይ ሞከሩ። የአይጦቹ ማህፀን አደገ። በ1923 ይፋ የሆነው ይህ ውጤት ኢስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን ለማወቅ በር ከፈተ። አለን በ1943 አረፉ።

ኢስትሮጅን እድገት አነቃቂ ንጥረ ነገሮችን እያነሳሳ የማህፀንን የውስጥ ሽፋን ሕዋሳት ያበዛል፤ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ደግሞ ይገታቸዋል። ይህ ገቺ ሲጎድል ሽፋኑ ከልክ በላይ ይወፍራል፤ ውሎ አድሮም ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ስብ ኢስትሮጅን ስለሚያመነጭ ከልክ ያለፈ ውፍረት አደጋውን ይጨምራል።

ስለዚህ ካረጡ በኋላ ጠብታ ደም እንኳ ቢያዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ኢስትሮጅን ያለበትን መድኃኒትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱ። በሽታው በጊዜ ከተደረሰበት የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው።